«ለምንሽ ነው?»

ሐሙሲት ገበያ ወጥቼ ጨርቅ ሻጯን አቡጀዲ ብጠይቃት ቶሎ አታወርድልኝም። መጀመሪያ «ለምንሽ ነው?» ትላለች። ለመጋረጃ ከሆነ አንዱን፣ ለከፈን ከሆነ ሌላውን ታወጣለች።

ጥሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ቴይለር በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ባወጣው ጥናት፣ አንባቢ አፉ ላይ የመጣለት ጥያቄና ልቡ የሚፈልገው ነገር ብዙ ጊዜ እንደሚለያዩ ጽፏል። ባለሙያው እያጫወተ ርእሱን፣ ምክንያቱን፣ የሚጠበቀውን መልስ ያጣራል። በኋላ የኮምፒዩተር መፈለጊያ የሠሩ ምሁራንም ይህንኑ ጭውውት አጥንተዋል።

እኛ ግን ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የተጠየቀ፣ አገር የሚያህል ጥያቄ አለን።

ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር እንውጣ። መቀመጫቸው እዚያ የነበረው አጼ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ዘርፈው የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ወሰዱ። (ልብ በሉ፤ ይህችን እየዘለልን እንግሊዞችን ብቻ መውቀስ እንወዳለን።) መጻሕፍቱ መቅደላ ላይ ተከማቹ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከጦሩ ጋር የመጣ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ገቡ።

በ1872 አጼ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ ለንደን ጻፉ። ቴይለር ቢያየው ደስ የሚለው ደብዳቤ ነው። የመጽሐፉን ስም ተናገሩ፤ ውስጡ የአገሪቱ ሕግ እንዳለ አስረዱ፤ ያለ እሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው ለምን እንደሚፈልጉትም ጨመሩ። ዊሊያም ራይት ያዘጋጀው የሙዚየሙ ካታሎግ የታተመው በ1877 ነው፤ ስለዚህ መፈለጊያው ራሱ ደብዳቤው ነበር ማለት ይቻላል። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ አገኘ፤ አንዱን በዚያው ዓመት መለሰ።

ንጉሡ ሁለተኛም ነገር ጠይቀው ነበር፤ የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ይዘውት የሚወጡትን የኵርዐተ ርእሱ ሥዕል። ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣላቸው መልስ፦ ዱካው አልተገኘም፣ ወደ እንግሊዝም የመጣ አይመስለንም።

ሥዕሉ በሆልምስ እጅ ነበር። ሆልምስስ የት ነበር? ከ1870 ጀምሮ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የዚያችው የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ! ጥያቄው በትክክል ተጠይቋል፤ የሚያውቀው ሰው እዚያው ደጅ ላይ ተቀምጧል።

አጼ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ሲወድቁ መልሱ ያው «አልተገኘም» ነበር። በ1905 የሥዕሉ ፎቶ አንድ የለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ወጣ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ በ1917 በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሽጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ።