የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ጥናት

ሃያኛው ምእት ዓመት ሲጠባ፣ በአሜሪካ አገር ሐኪም ለመሆን የሚሻ ወጣት ከዕውቀቱ አስቀድሞ የሚጠየቀው ክፍያውን መቻሉን ነበረ፤ ከሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ጥቂት ሐኪሞች ተሰብስበው ለትርፍ ያቋቋሟቸው፣ በቂ ቤተ ሙከራ የሌላቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያልፈጸመውን እንኳ ሳይቀር የሚቀበሉ ነበሩና። ይህን ነገር ለሕዝብ ገልጦ ያሳየው፣ ራሱ ሐኪም ያልነበረው የትምህርት ሊቅ አብርሃም ፍሌክስነር ሲሆን፣ በካርኔጊ ድርጅት ተልኮ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 ትምህርት ቤቶች ከመረመረ በኋላ በ1910 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው መግለጫ የብዙዎቹን መዘጋት አፋጠነ። ሥራው በጎ ቢሆንም ያለ በደል አልተፈጸመም፤ ለጥቁሮች ከነበሩት ሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ሲጠፉ የቀሩት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ፣ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ፣ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና መመረቃቸውን ሳስብ፣ የዚያ ደጅ ሳይዘጋ መቅረቱ ለኢትዮጵያም የተረፈ ጸጋ ሆኖ ይታየኛል።

የትምህርት ቤቶቹ ቁጥር አንሶ ትምህርታቸው ሲጠብቅ ሌላ ችግር ተከተለ፤ ተመርጦ ከገባው መካከል ትምህርቱን ሳይፈጽም የሚወጣው በዛ። በ1920ዎቹ ዓመታት የሚያቋርጡት ተማሪዎች ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም፣ ከመቶ 5 እስከ ከመቶ 50 ይደርስ ነበር። በሌላ ሰው ሊያዝ ይችል የነበረ ወንበር በመካከሉ ባዶ ሲቀር፣ ጉዳቱ የወጣው ተማሪ ብቻ ሳይሆን ሐኪም ያጣው ሕዝብም ነው። ለዚህ መፍትሔ ያቀረበው በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፍሬድ ሞስ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1928 ያዘጋጁት ፈተና ሥዕልን አይቶ ማስታወስን፣ ያነበቡትን በልብ መያዝን፣ የሳይንስ ቃላትንና ፍቺያቸውን፣ የተጻፈን ነገር ማስተዋልን፣ ለሕክምና መሠረት የሆነውን ዕውቀትና ሥርዓት ያለውን አስተሳሰብ የሚመረምር ነበር። መልሱም ‹‹እውነት›› ወይም ‹‹ሐሰት›› በማለት፣ አለዚያም ከተዘረዘሩት አንዱን በመምረጥ ይሰጥ ነበር።

በዚያ ዘመን የነበሩ ነቃፊዎች ፈተናው የቃል ጥናትን ብቻ ይመዝናል፣ ስለዚህ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መቻሉን እንጂ በሕሙም አልጋ አጠገብ የሚሆነውን አያሳይም ሲሉ ከሰሱት። ነቀፋው ፍሬ ነገር ባይጐድለውም፣ ለእኔ ግን ቃል መያዝን እንደ ዝቅተኛ ዕውቀት መቍጠር ፈጽሞ አይዋጥልኝም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊቱን በቃሉ የያዘ ደቀ መዝሙር ምሥጢሩን በኋላ ከመጻሕፍት መምህር ዘንድ ሲሰማ፣ አስቀድሞ የያዘው ቃል ለትርጓሜው መሠረት እንደሚሆነው ሁሉ፣ የነርቭንና የደም ሥርን ስም በልቡ ያላኖረ ሐኪምም በጭንቅ ሰዓት የሚያመዛዝነው ነገር አያገኝም። ለማንኛውም ከ1925 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት በመላው አገር ከመቶ 20 የነበረው የአቋራጮች ቁጥር በ1946 ወደ ከመቶ 7 ወርዷል። ለዚህም ፈተናው ብቻውን ሊመሰገን አይገባም፤ የቅበላው ሥርዓት መጥበቅና ከተማሪው አስቀድሞ የሚፈለገው ትምህርት ከፍ ማለቱም የበኩላቸውን አድርገዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሞስ ፈተና ለአዲስ ፈተና ቦታውን ለቀቀ፤ ይኸው አዲሱ ፈተና በ1948 እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ‹‹ኤምካት›› የሚለውን ስም አገኘ። እጅግ የሚደንቀኝ ግን በውስጡ የተካተተው ነገር ነው። ከቋንቋ፣ ከስሌትና ከሳይንስ ክፍሎች ጋር ተፈታኙ ስለ ዘመናዊው ኅብረተሰብ ያለውን ግንዛቤ የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረበት፤ ዓለም በእሳት ከተፈተነ በኋላ የሐኪም ዕውቀት በሥጋና በአጥንት ብቻ እንዳይወሰን የተመኘ ሰው ያስገባው ይመስላል። በ1962 ይህ ክፍል ወደ ጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ተለወጠ፤ በ1977 ደግሞ ፈጽሞ ተሰረዘና ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በየራሳቸው ነጥብ መሰጠት ጀመሩ። ፈተና የማይጠይቀውን መጽሐፍ፣ ጊዜ ያጠረው ተማሪ አይገልጠውም፤ ስለዚህ ያ ስረዛ በወረቀት ላይ የተደረገ ትንሽ ለውጥ ሳይሆን፣ የአንድ ትውልድ የሕክምና ተማሪዎች በሌሊት የሚያነቡትን የወሰነ ፍርድ ነበረ። ሥነ ልቡናና ሶስዮሎጂ ወደ ፈተናው የገቡት በ2015 ነው፤ እነሆ ድህነትና መገለል ሰውን እንዴት እንደሚያሳምሙ ለማወቅ የሚደረገው ጥናት ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ወደ ደጅ ጠኚው ጠረጴዛ ተመለሰ።

ለፈተና የሚደረገውን ዝግጅት ታሪክ ስናነሣ፣ በኒው ዮርክ በብሩክሊን የተወለደውን ስታንሊ ካፕላንን መዝለል አይቻልም። ይህ ሰው በ1938 በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ተማሪዎችን ማስጠናት ጀመረ፤ የራሱ ምኞት ግን ሐኪም መሆን ነበረ። ከከተማው የሕዝብ ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ቢመረቅም በኒው ዮርክ ያሉት አምስቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉም ደጃቸውን ዘጉበት፤ እርሱም ምክንያቱ አይሁዳዊነቱና ከሕዝብ ኮሌጅ መውጣቱ እንደ ሆነ አመነ። በዚያ ዘመን ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሏቸውን አይሁድ በቁጥር ይወስኑ እንደ ነበረ የታወቀ ስለ ሆነ፣ እምነቱ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ስለዚህ ካፕላን ፈተናን እንደ ጠላት አላየውም፤ የአባትን ስም የማይጠይቅ ዳኛ አድርጎ ወደደው እንጂ። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አዘጋጆች ግን፣ ፈተናቸው የሚመዝነው በጥቂት ሳምንት ጥናት የማይለወጥ ችሎታ ነው ባዮች ስለ ነበሩ፣ የእርሱን ሥራ ከንቱ ድካም አድርገው ይቈጥሩት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ በ1979 ባወጣው መግለጫ ግን በአስጠኚ የተዘጋጀ ተማሪ ውጤቱ ከፍ ሊል እንደሚችል ተመሰከረ፤ በ1984ም ያ በምድር ቤት የተጀመረ ሥራ ለዋሽንግተን ፖስት ኩባንያ ተሸጠ።

የካፕላን ድል ደስ ቢያሰኘኝም አንድ ብርቱ ጥያቄ አስከትሏል፤ ጥናት ውጤትን ከፍ ካደረገ፣ ጥናቱን የሚገዛ ገንዘብ የሌለው ልጅ ምን ይሁን? ዛሬ ኤምካት 230 ጥያቄዎች አሉት፤ ዕረፍቱን ጨምሮ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ነጥቡም ከ472 እስከ 528 ነው። ተማሪው ሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች ከነቅርጻቸው፣ ከነባሕርያቸውና ከነምሕጻረ ቃላቸው ያጠናል፤ በትንንሽ ካርድ ላይ በአንድ ወገን ስሙን፣ በሌላው ወገን ቅርጹን ጽፎ በአውቶቡስም፣ በምሳ ሰዓትም ያገላብጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀው ደግሞ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ ወይም ስለ ታሪክ የተጻፉ ዘጠኝ ምንባቦችን በ90 ደቂቃ አንብቦ ለ53 ጥያቄዎች የሚመልስበት ክፍል ነው፤ በዚህ ክፍል አስቀድሞ የተያዘ ቃል አይረዳምና፣ ከልጅነት ጀምሮ ብዙ ያነበበ ሰው ይጠቀማል፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ የሰማው የስደተኛ ልጅ ግን ዕጥፍ ይደክማል። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ልጆች ድካም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው፤ ወላጆቻቸውም የዝግጅት ትምህርት ቤቱን ክፍያ ለመቻል ተጨማሪ ፈረቃ ሲሠሩ አይቻለሁ።

የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተፈታኞች የመፈተኛውን ዋጋ የሚቀንስበት ሥርዓት አለው፤ ከ2015ቱ ለውጥ አስቀድሞም ከካን አካዳሚ ጋር ተባብሮ ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚያያቸው የትምህርት ፊልሞች እንዲሰናዱ አድርጓል። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን ከክፍያው ይልቅ የሚከብደው፣ ሥራ ትቶ ሁለት ሦስት ወር ለማጥናት የሚያስፈልገው የቤት ኪራይና የቀለብ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ የወገኖቻቸውን ልጆች መርዳት የሚሹ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት እጃቸውን መዘርጋት የሚገባቸው በመጀመሪያ በዚህ በኩል ይመስለኛል።