ከሐይቅ እስከ በዕደ ማርያም፦ የመግቢያ ፈተና ታሪካችን



ባለፈው ስብሰባ በአንድ ጉዳይ ሳንስማማ ተለያይተናል። ለማጠናከሪያ ትምህርት የምናዋጣው ገንዘብ ለማን ይዋል? ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ፈተና ለሚቀመጡት ጥቂት ጎበዞች ወይስ ለክፍሉ ሁሉ? እኔ ነርስ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ግን አባቴ ሲያወራ ያደመጥኩት ለዚህ ጥያቄ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በአባቶቻችን ዘመን የተመረጡ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ነበሩ። ለሴቶች እቴጌ መነን ነበረ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1938 ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው ልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት፣ አሥረኛን ከጨረሱት መካከል ብልጫ ያላቸውን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመረጠ 11ኛና 12ኛን በአዳሪነት ያስተምር ነበር። የድሃ ልጅ ከተመረጠ የምግብና የመኝታ ሐሳብ የለበትም።

አባቴ ደሴ ወይዘሮ ስኂን ለመማር ከሐይቅ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በእግሩ እየሄደ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ከሦስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ነበር። ከአራቱ አንዱ ለበዕደ ማርያም ተመረጠ። አባቴ አልተመረጠም። ያ ልጅ ግን በየክረምቱ ሲመጣ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ የቀሩት ሦስቱ በኩራዝ ብርሃን ይገለብጡታል። አስጠኚ ቀጥሮ ማስጠናት የሚባል ነገር በእነሱ ቤት አልተሰማም።

ሌላም ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም የሚመደቡት ለመምህርነት ነው። አባቴን ሒሳብ ያስተማረው እንዲህ የመጣ ወጣት ነው። ከመላ አገሪቱ ተለቅሞ የሄደው ልጅ ዕውቀቱን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ይመለስ ነበር ማለት ነው።

እኔ ማትሪክ ተፈትኜ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ዲግሪዬን ያገኘሁት እዚህ ቴክሳስ ነው፤ የነርስነት ፈቃዱን ፈተና ያለፍኩትም ከእኔ ቀድማ የተፈተነች የአገሬ ልጅ ጥያቄዎቿን ስለሰጠችኝ ነው። ዛሬ ግራንድ ፕሬሪ ቤቴ ወጥ ስሠራ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ለዳላስ የተመረጡ ትምህርት ቤቶች መግቢያ በኮምፒውተር ትለማመዳለች፤ ልምምዱ በነጻ ነው። እኔን የሚከነክነኝ የሐይቁ ልጅ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ከዚያ ወዲህ በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎበዙን ብቻ እያስጠናን ብንልክ አዳሪ ትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ያገኛል፤ የቀሩት ግን ደብተር የሚያመጣላቸው የለም።

ስለዚህ እንዲህ ብናደርግስ? ገንዘቡ በአብዛኛው ለስምንተኛ ክፍል ሁሉ ይዋል፦ ለቆዩ ፈተናዎች ማባዣ፣ ለሶላር መብራት፣ ቅዳሜ ለሚያስተምሩት መምህራን አበል። ለአዳሪ የሚያልፉትንም እንርዳ፤ ግን ክረምት ክረምት ሐይቅ ተመልሰው ታናናሾቻቸውን እንዲያስጠኑ ቃል ይግቡ። እኔ በወር የአንድ ሌሊት ተረኛነቴን ክፍያ ለዚህ መድቤያለሁ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ገንዘብ ያዡ ይመዝግቡልኝ።