ሃርድ ዲስካችን ውስጥ ሊገባ የነበረው ቁልፍ

ከጓደኛ ዘፈን ስንገለብጥ እምቢ ያለን ሃርድ ዲስክ አልገጠመንም። ለጥቂት ነው የተረፍነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማትሱሺታና ቶሺባ ሲፒአርኤም የተባለ የቅጂ መከላከያ በሃርድ ዲስክ የጋራ መስፈርት ውስጥ ሊያስገቡ መሆኑ ተሰማ። ፋይሉ በዲስኩ መለያ ቁጥር ይቆለፋል፤ ወደ ሌላ ዲስክ ቢገለበጥ አይከፈትም። ዲስኩ የተበላሸ ዕለትስ? መጠባበቂያ ቅጂውስ? እንደ ጆን ጊልሞር ያሉ ተሟጋቾችና ተራ ተጠቃሚዎች ተንጫጩ። በገዛ ገንዘባችን በራሳችን ላይ ዘበኛ እንቅጠር እንዴ! ኩባንያዎቹ «ያሰብነው ለተነቃይ ዲስክ ብቻ ነው» ቢሉም ሰሚ አላገኙም፤ በ2001 መጀመሪያ ሐሳቡ ቀረ።

ያው ቁልፍ ግን ኤስዲ ካርድ ውስጥ ገብቶ ማንም ሳይጮህበት ኖረ። «ኤስ»ዋ እኮ «ሴኪዩር» ማለት ናት። ስንት ዓመት ሚሞሪያችን ላይ እያየናት ምን ማለት እንደሆነች አልጠየቅንም።