የባዝራይቱ የኪንቼም ዜና መዋዕል

በ1866 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ መጋቢት 9 ቀን፥ ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ በኦስትሪያና በሃንጋሪ ነግሠው ሳሉ፥ ኪሽቤር በሚባለው የመንግሥት ፈረስ ማርቢያ ጠቆር ያለች ዳማ ባዝራ ተወለደች። አባቷ ካምቡስካን ይባላል፤ እርሱም በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ማርቢያ ተወልዶ ወደ ሃንጋሪ የተሻገረ ድንጉላ ነው። እናቷ ዋተርኒምፍ ናት። ለዋተርኒምፍ የታሰበላት ባከኒር የተባለ ሌላ ድንጉላ ነበረ፤ ጠባቂዎቹ ተሳስተው ወደ ካምቡስካን አስገቧት ተብሎ ይተረካል።

ጌታዋም ባላባቱ ኤርኖ ብላሽኮቪች ነበሩ። ውርንጭሎቻቸውን በጅምላ ለባሮን ኦርጺ ባቀረቡ ጊዜ ባሮኑ አይተው ሁለቱን እንቢ አሉ፤ ከተመለሱትም አንደኛዋ ይህች ናት ይላሉ። ሰውነቷ የተሳበ፥ አኳኋኗም ፈዘዝ ያለ ነበርና ባሮኑን የሚወቅሳቸው የለም። ብላሽኮቪች ግን ኪንቼም፥ ይኸውም «ሀብቴ» ብለው ሰየሟት፤ ለእንግሊዛዊው አሠልጣኝ ለሮበርት ሄስፕም አደራ ሰጧት።

በ1868 ዓ.ም. በወርኃ ሰኔ፥ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፥ በበርሊን መስክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠች፤ ቀደመችም። ከዚያም ወደ ሃኖቨር፥ ወደ ሃምቡርግ፥ ወደ ዶበራን፥ ወደ ፍራንክፈርት፥ ወደ ባደን ባደን፥ ወደ ሾፕሮን፥ ወደ ቡዳፔስት፥ ወደ ቪየናና ወደ ፕራግ ሄደች። 10 ከተማ፥ 10 መስክ፥ 10 ድል ሆነ። ሦስት ዓመት በሆናት ጊዜ 17 ጊዜ ሮጣ 17 ጊዜ ቀደመች፤ የኦስትሪያን ደርቢና የባደንን ታላቅ ሽልማትም ያን ጊዜ ወሰደች።

የአሯሯጧም ነገር እንዲህ ነበረ። ሌሎቹ ፈረሶች ባንዲራው እስኪወድቅ እየተቁነጠነጡ ሲጠብቁ፥ እርሷ አንገቷን ደፍታ ሣር ትግጥ ነበር። ባንዲራው ወድቆ ሁሉ ከሄደ በኋላ ቀና ብላ ታያለች። የማያውቃት ሰው ገንዘቡን በሌላ ፈረስ ላይ አስይዞ ይደሰታል። ቀጥሎ ግን አንገቷን ወደ ፊት ሰድዳ፥ ሆዷን ወደ ምድር አስጠግታ መንሸራተት ትጀምራለች፤ ከመስኩ አጋማሽ በኋላ ያን ሁሉ ፈረስ አንድ በአንድ እየለቀመች ታልፋለች። ጋላቢዋ ማደንም ጠባይዋን ስላወቀ በአለንጋ አያስቸኩላትም ነበር። 1,000 ሜትር በማይሞላው አጭር ሩጫም፥ 4,200 ሜትር በሚደርሰው ረጅም ሩጫም ያው እርሷ ቀዳሚ ነበረች። ለአጭር የተፈጠረ ፈረስ በረጅሙ ይደክማል፤ ለረጅም የተፈጠረም በአጭሩ ይቀደማልና፥ ከድሏ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የድሏን ቁጥር ብቻ የጻፉ ሰዎች ስለ ጉዞዋና ስለ ጓደኞቿ ጥቂት ይናገራሉ። እኔ ግን ይህን ማሳጠር አልወድም። በዚያ ዘመን ፈረስ በባቡር ተጭኖ ከአገር ወደ አገር ሲጓዝ ይታመማል፥ መኖ ይተዋል፥ ከስቶም ይደርሳል። ኪንቼም ግን በፉርጎዋ ውስጥ ጋደም ብላ ትተኛ ነበር፤ ሁለት ወዳጆቿ አብረዋት እስካሉ ድረስ። አንዱ ወዳጇ ፍራንኪ የተባለው ጠባቂዋ ነው፤ ሁለተኛዋ ድመቷ ናት። አንድ ብርዳማ ሌሊት ፍራንኪ ያለ መሸፈኛ አጠገቧ ተኝቶ አየችውና፥ የራሷን ብርድ ልብስ በጥርሷ ስባ በላዩ ጣለችበት ይባላል። ከዚያ ወዲህ እርሱ ሳይሸፈን እርሷ መሸፈንን አልፈቀደችም። ፍራንኪም ሚስት ሳያገባ ኖረ፤ የቤተ ሰቡ ስም ኪንቼም ተባለ።

ውኃም ቢሆን የአገሯን እንጂ የሌላውን አትጠጣም ነበር። ስለዚህ ካደገችበት ከታፒዮሴንትማርቶን ርስት ውኃ እየተጫነላት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ባደን ላይ ውኃው ቢያልቅባቸው ጠምቷት ሳለ አፏን ዘጋች። ጠባቂዎቿ ተጨንቀው ጉድጓዱን ሁሉ ሲያስቀምሷት አፈር አፈር የሚል አንድ ውኃ አገኙና ጠጣች፤ ያም ጉድጓድ በስሟ ተጠራ። ድል ባደረገችም ቁጥር ብላሽኮቪች የአበባ እቅፍ ያመጡላትና በልጓሟ ይሰኩላት ነበር። አበባው የዘገየ ዕለት ኮርቻዋን አላስወርድም ብላ ቆመች። ያችን ባዝራ ጌታዋም፥ አሠልጣኟም፥ ጠባቂዋም እንደ ጠባይዋ ያዟት እንጂ ጠባይዋን ሊሰብሩት አልሞከሩም። ከአገር አገር እየዞረች ያላንዳች ሽንፈት መክረሟ የእግሯ ብቻ ሳይሆን የዚህ አያያዝ ፍሬ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1870 ዓ.ም. በወርኃ ሐምሌ፥ የአራት ዓመት ባዝራ ሳለች፥ ባሕር ተሻግራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደች። በጉድውድ ዋንጫ ሊወዳደሯት የወጡት ፔጀንትና ሌዲ ጎላይትሊ ብቻ ነበሩ። መንገዱ ረጅም ነበረ፤ እርሷም እንደ ልማዷ ከኋላ መጥታ ሁለቱን ቀደመች። ከሃንጋሪ የመጣችን ባዝራ ከቁም ነገር ያልቆጠሩ እንግሊዞችም ያን ቀን ስሟን ለመዱ።

ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ስትሻገር ድመቷ ከመርከቡ ስትወርድ ጠፋች። ኪንቼምም ባቡር አልገባም አለች። ቢጎትቷት፥ ቢለምኗት ንቅንቅ አላለችም፤ እየጮኸች ቆመች። ድመቷ ተፈልጋ በመጣች ጊዜ ግን ዘልላ ጀርባዋ ላይ ወጣች፤ ሁለቱም ተያይዘው ፉርጎው ገቡ። ከዚህ በኋላ በነሐሴ የዶቪልን ታላቅ ሽልማት ወሰደች።

ከዶቪል ቀጥታ ወደ ባደን ወረደች። በዚያም ፕሪንስ ጋይልስ የተባለው ፈረስ ከእርሷ እኩል የመጨረሻውን መስመር ረገጠ፤ ዳኞችም መለየት አልቻሉም። በዕድሜዋ ሙሉ ለመሸነፍ የቀረበችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ ደግመው እንዲሮጡ ሆነ። በመካከል አንድ ውሻ ከሕዝቡ ወጥቶ እግሯን ሊይዝ ቢወረወር በእርግጫ መልሳው ሩጫዋን ቀጠለች ይላሉ። ፕሪንስ ጋይልስንም በሰፊው ትታው ገባች። በዚያ ዓመት 15 ድል ሆነላት።

በአምስተኛው ዓመቷ እኩያ ቢታጣላት የሚያሸክሟትን ክብደት አበዙባት። ይህም አላቆማትም፤ 12 ጊዜ ሮጣ 12 ጊዜ ቀደመች፥ የባደንንም ሽልማት ሦስተኛ ጊዜ ወሰደች። ድምሩም 54 ሩጫ፥ 54 ድል ሆነ። በሚከተለው ዓመት ከጋጣ ጓደኛዋ ጋር ተራግጣ እግሯ ቢጎዳ ከመስክ ወጣች።

አምስት ልጆች ወለደች። ከእነርሱም ቡዳድዮንግዬ የተባለችው በ1877 ዓ.ም. የጀርመንን ደርቢ አሸነፈች።

በ1879 ዓ.ም.፥ በዘመነ ሉቃስ፥ መጋቢት 9 ቀን፥ በተወለደችበት ዕለት 13 ዓመት ሲሞላት፥ ኪንቼም በሆድ ቁርጠት ሞተች። አሠልጣኟ ሄስፕም በዚያው ዓመት ተከተላት። አጽሟ ቡዳፔስት በሚገኘው የሃንጋሪ የግብርና ሙዚየም ቆሞ ይታያል። በ1917 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የተከፈተው የፈረስ እሽቅድምድም መስክ በስሟ ኪንቼም ፓርክ ተብሏል፤ ዛሬም ፈረስ ይሮጥበታል።