ስልካችን ያለንበትን የሚያውቀው ከማን ተውሶ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ላይ ሊዮናርድ ዉሊ እና ቲ. ኢ. ሎውረንስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቤር ሼቫ ደረሱ። ለኦቶማን ሹማምንት የተነገራቸው የመጽሐፍ ቅዱሱን ምድረ በዳ ሊያጠኑ እንደመጡ ነበር። ጥናቱንም በእርግጥ አካሂደዋል፤ መጽሐፍም ወጥቶታል። ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። በካፒቴን ስቱዋርት ኒውኮምብ የሚመሩ የብሪታንያ ጦር መሐንዲሶች በዚያው ሽፋን ከኮረብታ ኮረብታ ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ እየተከሉ፣ ቦታቸው ከታወቀ ሁለት ነጥቦች ተነሥተው ሦስተኛውን በማዕዘን እያሰሉ፣ የኔጌቭን በረሃ በካርታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ጦርነቱ በዚያው ዓመት ፈነዳ፤ ኦክቶበር 31 ቀን 1917 ቤር ሼቫ በብሪታንያ ጦር እጅ ወደቀች።

ዛሬ በቤር ሼቫው ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ በታሃና መርካዚት፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሞቪት የተባለውን የጉዞ መተግበሪያ ከፍቶ መስመሩን ሲፈልግ፣ ስልኩ የሚሠራው ስሌት የኒውኮምብ ሰዎች ስሌት ዘመድ ነው። ኮረብታው በሳተላይት፣ ማዕዘኑም በርቀት ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የዝምድናው ሌላ ገጽ ግን ብዙም አይነገርለትም፦ ያኔም ዛሬም መለኪያውን ያበጀው ወታደር ሲሆን ሌላው ሰው የሚጠቀምበት በውሰት ነው። የውሰት ዕቃ ደግሞ ባለቤቱ ሲፈልገው ይወሰዳል። ስለዚህ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበትን የአደጋ ጥሪ በስልኩ ስሌት ላይ ብቻ መጣል አያዋጣም ብዬ እከራከራለሁ።

ጂፒኤስ የአሜሪካ መከላከያ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ተወነጨፈ፤ ዛሬ ከ24 የሚበልጡት 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን ይዞራሉ። ብዙ ሰው ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ስልኩን የሚከታተለው ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስልኩ ያዳምጣል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። እያንዳንዱ ሳተላይት የአቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ ያለበትን ቦታና ሰዓቱን ያሰራጫል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ስልኩ ምን ያህል ዘግይቶ እንደደረሰው ለክቶ መዘግየቱን ወደ ርቀት ይለውጠዋል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያስታል። ለቦታው ብቻ ቢሆን ሦስት ሳተላይት ይበቃ ነበር፤ የስልክ ርካሽ ሰዓት ስለማይታመን ግን አራተኛው ሰዓቱን ለማረም ይጨመራል። አንስታይንም ድርሻ አለው፦ በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ሳተላይቶቹ ላይ ያሉት ሰዓቶች ምድር ላይ ካሉት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጥናሉ። ይህ ባይታረም ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር፤ ታሃና መርካዚት ላይ የቆመው ሰው ከከተማው ውጭ በረሃ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

የውሰቱ ታሪክ በደም ይጀምራል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 የሶቪየት ተዋጊ ጄት መስመሩን የሳተ የደቡብ ኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን መትቶ ጣለና 269 ሰዎች አለቁ። ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ለሲቪል አገልግሎትም እንደሚከፈት ያስታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቢከፈትም የተሰጠው ሆን ተብሎ ተበላሽቶ ነበር፤ ለሲቪሉ የሚደርሰው ሞገድ እስከ 100 ሜትር ያህል እንዲያስት ይደረግ ነበር። ይህ የተነሣው በሜይ 2000 መጀመሪያ በክሊንተን ትእዛዝ ነው። እዚህ እስራኤል ውስጥ ተወልዶ በ2013 ጉግል የገዛው የመንገድ መሪ መተግበሪያ ዌይዝ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኤፕሪል 2024 ደግሞ የኢራን ጥቃት ሲጠበቅ የእስራኤል ጦር ጂፒኤስን እያወከ መሆኑን በይፋ አመነ፤ ቴል አቪቭ ያለ ሰው ስልኩ ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ነህ ይለው ጀመር። ሳተላይቱ የሚያሰራጭበት ኃይል ከአንድ የድሮ አምፖል ብዙም ስለማይበልጥ፣ ቅርብ ያለ ጠንካራ ማሰራጫ ስልኩን በቀላሉ ያደነቁረዋል፤ ሲያስፈልግም የውሸት ቦታ ይነግረዋል። የአማርኛ አድማጭ ለሞገድ አፈና እንግዳ አይደለም። በ2010 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ሲታወክ መለስ ዜናዊ የማፈኛ መሣሪያ እየተሞከረ መሆኑን ራሳቸው ተናግረው ነበር። ሬዲዮ ሲታፈን ግን ጩኸቱ ይሰማል፤ ስልክ የሚሳሳተው በሙሉ ልብ ነው።

አወካው ድሮንና ሚሳኤል ለማሳሳት፣ ማለትም ነፍስ ለማዳን ነው የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ወታደሩ በቂ ምክንያት ሲኖረውም ተዋሹ ባዶ እጁን መቅረቱ ግን አይቀርም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ስልክ በሳተላይት ብቻ አይኖርም። የኔትወርክ አንቴናው ስልኩ በየትኛው ክልል እንዳለ ያውቃል፤ በቀድሞው ጂኤስኤም የሞገዱን መዘግየት በ550 ሜትር እርከን ይለካል፤ በአካባቢው ያሉ ዋይፋዮችም ቦታ ይጠቁማሉ። ከኮንክሪት ጣሪያ ሥር፣ የሳተላይት ሞገድ እንደልብ በማይገባበት ቦታ፣ የሚያድኑት እነዚሁ ናቸው። ሆኖም ታሃና መርካዚትን ልብ በሉ፦ አጠገቡ የገበያ ማዕከሉ ካንዮን ሃኔጌቭ አለ፣ አጠገቡ የባቡር ጣቢያው አለ። የ200 ሜትር ስሕተት ያለው ክብ ሦስቱንም ሊያቅፍ ይችላል፤ የታመመው ሰው በየትኛው በር፣ በየትኛው ፎቅ እንዳለ ክቡ አይናገርም። ከከተማው ወጣ ብሎ አንቴናው በተራራቀበት በረሃ ደግሞ ክቡ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሰፋል።

ቦታው ቢታወቅ እንኳ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል። አሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች የአደጋ ጊዜ ደዋይን ቦታ እንዲያሳውቁ ደንብ ያወጣችው በ1996 ነው። በ2014 ብሪታንያ ውስጥ የተጀመረው አሠራር ደግሞ ስልኩ ራሱ፣ ደዋዩ ምንም ሳይነካ፣ ቦታውን ከነስሕተቱ መጠን በጽሑፍ መልእክት ለጥሪ ማዕከሉ እንዲልክ ያደርጋል። እስራኤልም በ2007 ባወጣችው የኮሙኒኬሽን መረጃ ሕግ ፖሊስ ነፍስ ለማዳን በአስቸኳይ የስልክን ቦታ እንዲጠይቅ ፈቅዳለች። ግን በጁን 2014 ከተጠለፉት ሦስት ወጣቶች አንዱ ወደ ፖሊስ ቁጥር 100 ደውሎ መጠለፋቸውን ሲያንሾካሹክ፣ ጥሪው የቀልድ ተብሎ ታለፈ፤ ሰዓታትም ባከኑ። ሕጉም መሣሪያውም ነበሩ፤ የጎደለው ጆሮ ነበር። ይኸው መሣሪያ ሳይጠሩትም ሊመጣ ይችላል። በማርች 2020 የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሻባክ በኮሮና ሰበብ የዜጎችን ስልክ እንዲከታተል ተፈቀደለትና፣ ያለ ሕግ ሊቀጥል እንደማይችል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኤፕሪል ወሰነ።

የሚቀረው ተቃውሞ ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ዕብራይስጡ የማይታዘዛቸው እናቶችና አባቶች ያሉበትን በቃል ከሚያስረዱ ስልኩ ቢያስረዳላቸው አይሻልም? ይሻላል፤ እስከሠራ ድረስ ይሥራላቸው። የአምቡላንስ አገልግሎቱ ማዳ ቦታ የሚልክ የራሱ መተግበሪያ አለው፤ ልጆች በወላጆቻቸው ስልክ ላይ ቢጭኑላቸው ደግ ነው። ነገር ግን ስልኩ በሚታወክበት በዚያው ቀን ነው ሳይረን የሚጮኸው፣ ሰው የሚወድቀው፣ አምቡላንስ የሚጠራው። በ2024 አወካ ጊዜ የሲቪል ጥበቃ ዕዙ ፒኩድ ሃኦሬፍ ራሱ ሰዎች አካባቢያቸውን በእጃቸው መርጠው የማስጠንቀቂያ መተግበሪያው ላይ እንዲያስገቡ መክሯል። ወደ አምቡላንስ ቁጥር 101 ለሚደውሉት አያትም «ታሃና መርካዚት፣ ቤር ሼቫ» የሚሉት ቃላት የኡልፓን የዕብራይስጥ ትምህርት አይጠይቁም፤ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ዘወትር ይሏቸዋል። በዚያ ላይ የራጺፉን፣ ማለትም የመሳፈሪያውን፣ ቁጥር፣ ወይም በካንዮኑ በኩል ይሁን በባቡሩ በኩል፣ ካከሉበት ስልኩ ከሚልከው ክብ የጠበበ ቦታ ሰጡ ማለት ነው።