«ወንድ ናት»፤ በአማርኛ ንግግር ስለ ሴትና ወንድ አጠራር አጭር የታሪክ ጥናት

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ከተማው በሚወርደው መንገድ ላይ፥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ጐንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ ዘመን ታይተዋል። የካቲት 16 ቀን በዓሉን ለማክበር ወይም ጠበል ለመጠመቅ የሚወጣ መንገደኛ ከእነዚህ አንዷን ባየ ጊዜ በሸክሟ ተደንቆ «ይህችስ ወንድ ናት!» ማለቱ በንግግራችን የተለመደ ነው። ተናጋሪው ማመስገኑ ነው። ነገር ግን በዚያ ኰረብታ እንጨት ተሸክሞ ማውረድ የሴቶች ሥራ ሆኖ ሳለ፥ ብርታቱ በወንድ ስም ይጠራል። ሸክሙ የእርሷ፥ ምስጋናው የሌላ ሆነ ማለት ነው።

ከዚሁ ኰረብታ ሥር፥ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርስቲ የሚማር ወጣት ስለዚህ አነጋገር ቢጠየቅ ከሁለት አንዱን ሊመልስ ይችላል። አንደኛው መልስ «ልማድ ነው እንጂ ትርጕም የለውም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቋንቋችን ከሥሩ ለወንድ ያደላ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች በታሪክ ሊመረመሩ ይገባቸዋል።

በመጀመሪያ ሰዋስውን እንመልከት። አማርኛ ሴትንና ወንድን የሚለየው «አንተ» እና «አንቺ»፥ «እርሱ» እና «እርሷ» በሚሉት በነጠላ ቍጥር ብቻ ነው። ግዕዝ በብዙ ቍጥርም አንትሙና አንትን፥ ውእቶሙና ውእቶን እያለ ይለያል፤ አማርኛ ግን ይህን ትቶ ሁሉንም «እናንተ»፥ «እነርሱ» ይላል። የአክብሮቱም ቃል እንዲሁ ነው። «እርስዎ» ወይም «እርሳቸው» የተባለ ሰው ሴት ይሁን ወንድ ከቃሉ አይታወቅም። እንግዲህ የተከበረ ሰው በአማርኛ ጾታው አይነገርም ማለት ይቻላል። አድልዎው የሚገኘው ከአጠቃቀሙ ላይ ነው። ጥቃቅን ነገር በሴት አንቀጽ ይጠራል። ሴትን ልጅ «አንተ» ማለት የፍቅር ቃል ሲሆን፥ ወንዱን በጠብ ጊዜ «አንቺ» ማለት ስድብ ነው። «ባለሙያ» የሚለው ቃል ስለ ወንድ ሲነገር የሥራ ዕውቀቱን ሲያመለክት፥ ስለ ሴት ሲነገር ብዙ ጊዜ ወጥ ማሳመሯን ያመለክታል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውም ተረት ዕውቀቷን ሳይክድ ፍርዱን ብቻ ይነሣታል።

የማዕርግ ስሞች ታሪክ ይህን ይበልጥ ይገልጠዋል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ፤ ከሁለት ቀንም በኋላ ጣይቱ ብጡል «እቴጌ» ተብለው ዘውድ ጫኑ። እቴጌነት በባል ወይም፥ እንደ እቴጌ ምንትዋብ፥ በልጅ ንግሥ የሚጸና ማዕርግ ነው። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ምኒልክ በነገሡ ጊዜ ግን ዘውዱ በውርስ የራሳቸው ስለ ሆነ «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ። ባላቸው ራስ ጕግሣ ወሌ ከእርሳቸው እንዲለዩ ተደረገ። በኋላም በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የዘውዱን ውርስ በወንድ ሐረግ ብቻ ስለ ወሰነ፥ «ንግሥተ ነገሥታት» የሚለው ስም ተከታይ ሳያገኝ ቀረ።

የተራው ሕዝብ መጠሪያም የራሱ ታሪክ አለው። «አቶ» እና «ወይዘሮ» ቀድሞ የመኳንንትና የወይዛዝርት መጠሪያ ነበሩ፤ ኋላ ግን ለሁሉ ተዳረሱ። ሆኖም ሴቲቱ ባገባች ጊዜ ከ«ወይዘሪት» ወደ «ወይዘሮ» ስትዛወር፥ ወንዱ ቢያገባም ባያገባም «አቶ» ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ጓድ» የሚለው መጠሪያ ይህን ልዩነት አጠፋው፤ ሴቱም ወንዱም እኩል «ጓድ» ተባለ። ይሁን እንጂ ያን መጠሪያ ያስፋፋው ደርግ አባላቱ በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ከዚህ የምንማረው፥ ቃል ብቻውን ቢቃና ሥልጣንን እንደማያካፍል ነው።

በሕጉም ዘንድ እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በሰባተኛው አንቀጽ፥ በወንድ ጾታ የተደነገገው ሁሉ ለሴትም እንደሚሆን ይናገራል። ድንጋጌው ሴቲቱን ከመብቱ አያጐድላትም። ነገር ግን ሕግ አውጪው ይህን ለብቻው መናገር ማስፈለጉ፥ በወንድ አንቀጽ የተጻፈ ቃል ሴትን በራሱ አካትቶ እንደማይሰማ ምስክር ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሆነው ሲመረጡ ግን አዲስ ማዕርግ መፍጠር አላስፈለገም፤ «ፕሬዚዳንት» እና «እርሳቸው» ለሴቲቱም የሚበቁ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ሁለቱም መልሶች ሙሉ አይደሉም። ልማዱ ትርጕም አለው፤ ቋንቋውም ለአድልዎ የተፈረደ አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆን «ጐበዝ» የሚል ቃል አለን። ይህ ቃል ቀድሞ ለጦርና ለሥራ የደረሰውን ወጣት ወንድ የሚያመለክት ነበር፤ «የጐበዝ አለቃ» የሚለው ስም ያን ያስታውሳል። ዛሬ ግን መምህሩ ትምህርቷን ያጠናችውን ልጅ «ጐበዝ!» ሲላት፥ እርሷም ሰሚውም ወንድን አያስቡም። ቃሉ ማንም ሳያዝበት፥ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በመግባታቸው ብቻ የሁለቱም ሆነ።

«ወንድ ናት» የሚለው ምስጋና ግን ከዚህ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ተማሪው በየአገሩ፥ በየቤቱና በየገበያው የሚሰማውን እንዲህ ያለ አነጋገር፥ ማን ለማን በምን ጊዜ እንደ ተናገረው ጭምር እየጻፈ ቢያከማች ለቋንቋችን ታሪክ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ከኪዳነ ምሕረት መንገድ ላይ እንጨት የተሸከመችውን ሴት ባየም ጊዜ፥ «ብርቱ ናት» የሚል፥ የሴትም የወንድም የሆነ ቃል በእጁ እንዳለ አይዘንጋ።