የፖርቹጋል ድልድይ የማን ነው?

ለባሕር ዳር ልጅ ጢስ ዓባይ ማለት ፏፏቴው ነው። ከመናኸሪያ አውቶቡስ ይያዛል፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል፣ ከተማዋ ላይ ትኬት ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ከፏፏቴው በፊት ስለሚመጣው ነገር ነው። ከከተማዋ ወጥታችሁ በእግር መንገዱ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ዓባይ ጠባብ ገደል ውስጥ ገብቶ የሚጨነቅበት ቦታ ላይ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎብኚው አንድ ሴልፊ ተነስቶ ያልፈዋል። ድልድዩ ግን 400 ዓመት ገደማ ሆኖት ዛሬም ሰውና ከብት ያሻግራል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ‹ፕሮዳክሽን ላይ ነው› ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ ‹ሪስታርት› እንደሚፈልግ የእኛን ሥራ የምታውቁ ትፈርዳላችሁ።

በትርፍ ጊዜዬ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የእግር መንገዶችን እመዘግባለሁ። የምመርጣቸው ጠዋት ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ወጥቶ ማታ ቤት መግባት የሚቻልባቸውን ነው። በጎንደር መንገድ ሐሙሲት ላይ ወርዶ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ፣ ወደ ጉማራ ወንዝ ዳር መሄድ ይቻላል። የዘጌ የቡና ደንም በጀልባ ብቻ የሚደረስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በመኪናም ይገባል። ከሁሉም ግን ጢስ ዓባይ ላይ ብዙ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ካርታው ጥያቄ ጠየቀኝ። መስመሩን አሰመርኩ፣ ‹ድልድይ› የሚለውን መረጥኩ፣ ቀጥሎ ‹ስም› የሚል ባዶ ሳጥን መጣ።

ሁላችንም የምናውቀው መልስ ‹የፖርቹጋል ድልድይ› ነው። አስጎብኚውም እንደዚያ ይላል፣ ሆቴል ያለው ፖስተርም እንደዚያ ይላል። ግን እዚያ ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ነገር ነገ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ስለሚወጣ ትንሽ ማንበብ ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ድልድዩ የተሠራው በ1626 በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ነው። በአገራችን በኖራ ተገንብተው ከሚታወቁት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ታሪኩን የጻፈልን ማኑኤል ደ አልሜዳ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ሲሆን እሱ በእርግጥ ፖርቹጋላዊ ነው። የሚለው ግን ይህን ነው፤ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚያው አጠገብ፣ አላታ በሚባለው ገባር ወንዝ ዳር ተገኘ፤ ሥራውን የመራው ደግሞ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው። እንግዲህ ደምሩት። ያዘዘው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ የመራው ከህንድ የመጣ ግንበኛ፣ ድንጋዩና ኖራው ከአላታ። ፖርቹጋል በዚህ ውስጥ ያላት ድርሻ ሰውየውን ይዞ የመጣው መርከብና ወሬውን የጻፈው ብዕር ነው። ድንጋዩን ከገደል አፋፍ በትከሻው ያወረደውን ገበሬ ደግሞ ማንም አልጠራውም፤ ፓትርያርኩ እንዳልተሸከመው ግን እርግጠኛ ነኝ።

የዚህን ድልድይ ዋጋ ለመረዳት እግራችሁ ስር ያለውን ውሃ እዩት። በወዲህ በኩል ጎጃም ነው፣ በወዲያ በኩል ቤጌምድር። የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ከጣና ሰሜን፣ በጎርጎራና በደንቀዝ በኩል ነበር። ክረምት ሲገባና ዓባይ ሲሞላ ጎጃም ማለት ሌላ አገር ነው። የደንገል ታንኳ ነጋዴና ሽማግሌ ያሻግር ይሆናል እንጂ ሠራዊት ከነስንቁ አያሻግርም። ስለዚህ ቅስቱ የጦር፣ የግብርና የገበያ መንገድ ነበር። እኛ ዛሬ ለመዝናናት የምንሄድበት መንገድ የተጠረገው ለዚያ ነው። ቦታው የተመረጠውም ለውበቱ ሳይሆን ወንዙ እዚያ ጋ ስለሚጠብ ነው፤ ሰፊ ቅስት መሥራት ከባድ ነው፣ ጠባብ ጋ ግን ይቻላል። ኢንጂነር የሆነ ሁሉ ይህን ውሳኔ ያደንቃል።

ከዚያ የሚቀጥለውን ታሪክ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነት ተቀበለ፣ አገሩ ደም ለደም ተፋሰሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲል የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ፣ ኢየሱሳውያኑን አባረረ። ፓትርያርኩ ሄደ፣ ኖራው ቀረ። የጎንደርን ግንብ ስታዩ ይህን አስታውሱ። አንዳንድ ሰው ድልድዩን ራሱን ለፋሲል ይሰጠዋል፤ በእኔ እይታ ይህ የሚሆነው በዚህ አገር ያማረ ድንጋይ ሁሉ ወደ ፋሲል ስም ስለሚሳብ ነው። የተባረሩት ሰዎች ስም ደግሞ አላባረራቸውም የነበረው ድልድይ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ይህ ትንሽ ያስቃል።

ስለ ፈረንጆቹ ካነሳን አይቀር አንድ የሚያዝናና ጠብ አለ። ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ሌላ ኢየሱሳዊ ከፏፏቴው ሥር ገብቼ ከውሃው ጀርባ ተቀመጥኩ፣ ቀስተ ደመናም አየሁ ብሎ ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጥቶ አየና ‹ይህ ሰው ውሸታም ነው፣ እዚያ ማንም አይገባም› አለ። እኔ የምለው ግን ብሩስ በየትኛው ወር መጣ፣ ሎቦስ? ጢስ ዓባይ በመስከረምና በሚያዝያ አንድ ፏፏቴ አይደለም። ዛሬማ ልዩነቱ ወር ብቻ አይደለም። በ1996 የጨረጨራ ግድብ የጣናን መውጫ መቆጣጠር ጀመረ፣ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተጨመረ፣ በ2010 ደግሞ የበለስ ጣቢያ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። መብራቱን እኛም እንጠቀምበታለን፤ ይህን ኮምፒውተር ሳስነሳ አልክድም። ግን በበጋ ሄዶ ቀጭን ውሃ አይቶ የሚበሳጭ ሰው ምክንያቱን ይወቀው። ብትችሉ በመስከረምና በጥቅምት ሂዱ።

ወደ ስሙ ልመለስ። በእንግሊዝ አገር የእግር መንገድ ሕግ አለው። በ1932 ሠራተኞች ለመኳንንት አደን በተከለለ ተራራ ላይ በድፍረት ወጥተው ታሰሩ፤ በ1949 በወጣ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ አስተዳደር የሕዝብ የእግር መንገዶችን በካርታ እንዲመዘግብ ተደነገገ። የአንድ ገበሬ ማሳ መካከል የሚያልፍ መንገድ ካርታው ላይ ካለ ማንም አይዘጋውም። የእኛ መንገድ የሚኖረው ስለተጻፈ ሳይሆን ስለተረገጠ ነው። ሰው መሄድ ካቆመ ሁለት ክረምት ይበቃዋል፣ ሣር ይውጠዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን መንገድ መውጣት እንደ ቀኑ ሆኗል፤ አውቶቡሱ የሚወጣበት ቀን አለ፣ የማይወጣበት ቀን አለ። የሚጎድለው ጎብኚው ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር፤ ወፍጮ ቤትና ገበያ የሚሄደውም ይጎድላል።

ድልድይ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ታች፣ ከሞጣ በኩል ያለውን ሰባራ ድልድይ ማሰብ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያ ማዶ ባሉ ወንዶች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ፎቶውን በ2001 መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ መጥቶ በ2002 አስጠገነው። በኋላ ጎርፍ ወሰደውና በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ።

ድልድዩ ላይ ቆሜ አንድ ጭነት የሚነዱ አባት ‹አባቴ፣ ይህ ድልድይ ማን ይባላል?› አልኳቸው። አህያዋን ሳያቆሙ ‹ድልድይ ነዋ! ምን ይባል?› አሉኝ። ትንሽ አለፍ ብለው ግን ዞር አሉና ‹የአላታ ድልድይ› አሉ።

ሳጥኑ ውስጥ ‹አላታ ድልድይ› ብዬ ጻፍኩ። ‹የፖርቹጋል ድልድይ› የሚለውን ‹ሌላ ስም› በሚለው መስመር አስቀመጥኩት፤ ሰው በዚያ ስም ስለሚፈልገው አይጥፋ ብዬ።

የምትሄዱ ከሆነ ውሃ ያዙ፣ ሊስትሮ ያበሰው ጫማ አታድርጉ፣ ድልድዩ ላይ አህያ ከነጭነቱ ሲመጣ ጠጋ በሉና አሳልፉ። ጠዋት ስትወርዱ ደግሞ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ረዳቱን ጠይቁት።